የማጭበርበር ምርመራ እንድመራ ተመደብኩ፤ የመጀመሪያው ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከየት ልጀምር?

የጣና ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚሁ ባህር ዳር በአንድ የክልል ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት በኦዲተርነት ሠርቻለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ ደግሞ የማጭበርበር ምርመራዎችን የሚመራው ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ሒሳብ መመርመር አውቃለሁ። የሰው ስም የሚነሳበትን ሥራ መምራት ግን ሌላ ነገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ልምድ ያላችሁ እንድታግዙኝ ነው የጻፍኩት።

ፋይሉ እንዲህ ነው (መለያ የሚሆኑትን ነገሮች ቀይሬያለሁ)። ስም ያልተጻፈበት ጥቆማ በፖስታ ገባ። ሐይቅ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ለእምቦጭ ነቀላና ለቦይ ጠረጋ በሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ገንዘብ ላይ የሌሉ ሰዎች ስም ይገባል፤ ለሞተር ጀልባም ጀልባዋ ተበላሽታ ቆማ ሳለ ነዳጅ ይወራረዳል ይላል። ሁለት ሰዎች በስም ተጠቅሰዋል። አንደኛው እኔ ክፍል ውስጥ ካለ ባለሙያ ጋር የጋብቻ ዝምድና አለው።

የበላይ ኃላፊዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤት እንዳቀርብላቸው ይጠብቃሉ። አንድ ባልደረባዬ "ጥሪያቸውና ጠይቂያቸው፣ ይደነግጡና ያወጡታል" አለኝ። ሌላው "ኦዲተር ላኪና ሰነዱን በሙሉ ጭኖ ይምጣ" ይላል። እናንተ ብትሆኑ የመጀመሪያውን ሳምንት በምን ታሳልፉት ነበር?

ሞዴል19፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። በፍጹም አትጥሪያቸው። እኔ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ኦዲተር ሊመጣ ነው ሲባል በአንድ ሌሊት ስንት ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መቆጣጠሪያ ካርድ) በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ እንደሚያድር አውቃለሁ።

ነዳጁ በኩፖን ከሆነ የኩፖኑን ጉርድ፣ ተገዝቶ የገባ ከሆነ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22ን (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ያዢ። ከዚያ ቀኖቹን ብቻ አውጥተሽ ከካላንደር ጋር አስተያዪ። ጥር 11 ቀን የተቆረጠ ሞዴል 19 አጋጥሞኝ ያውቃል። ከተማው በሙሉ ታቦት አጅቦ ወጥቷል፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፣ ያን ቀን በሩ አልተከፈተም። ወረቀቱ ግን ዕቃ ገባ ይላል፤ ሦስት ፊርማም አለው።

ጡረተኛ ኦዲተር፦

ልጄ፣ ሹመቱን የሥራ ያድርግልሽ። ሞዴል19 ያለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ከሰነዱም የሚቀድም ነገር አለ። የምርመራ መሪ የመጀመሪያ ውሳኔ ይህን ጉዳይ ማን ይወቅ የሚለው ነው። ጥቆማው በመዝገብ ቤት በኩል ከገባ ስንት እጅ ነካው? ገቢ መዝገቡ ላይ "ጉዳዩ" በሚለው ረድፍ ምን ተብሎ ተጻፈ? ለማን ተመራ፣ ግልባጭስ ለማን ሄደ? ይህን ዛሬውኑ አጣሪ። ከዛሬ በኋላ ፋይሉ ቁልፍ ባለው ቦታ ይቀመጥ፣ በሰው ስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራ፣ የከፈተው ሁሉ ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርም።

ዝምድና ያለው ባለሙያ አሁኑኑ ከጉዳዩ ይውጣ። ታማኝ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ ምናልባት ከሁላችሁም የሚታመነው እሱ ይሆናል። የጥቅም ግጭት ስላለ በዚህ ሥራ እንደማይሳተፍ በጽሑፍ አድርጊና ፋይሉ ላይ አያይዢው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ተከላካይ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ነው። ለልጁም ይበጀዋል፤ መረጃ ቢያፈተልክ የሚጠረጠረው እሱ ይሆን ነበርና።

ቀጥሎ ጥቆማውን ከስም ወደ ድርጊት መልሺው። "እገሌ ሌባ ነው" የሚለው አይመረመርም። "ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በእነዚህ ቀበሌዎች በተከፈለው ዝርዝር ላይ ያልሠሩ ሰዎች ስም ገብቷል" የሚለው ይመረመራል። እውነት ከሆነ ምን መገኘት አለበት? ሐሰት ከሆነስ ምን መገኘት አለበት? ለሁለቱም መልስ ጽፈሽ ለቡድንሽ ስጪ። ሁለተኛውን ጥያቄ የማይጠይቅ ቡድን ሊያገኝ የወጣውን ብቻ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ እንዲህ ዓይነት ፋይል ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ሲፈርስ ማየት ያማል።

ስለ ሰነድ አንድ ነገር። የክፍያ ዝርዝሩን ዋናውን እንጂ ፎቶ ኮፒውን አትመርምሩ። አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገርሽ፤ መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። የቀን ሠራተኛ ዝርዝር ነው፣ አብዛኛው በጣት አሻራ የተፈረመ። ኮፒው ላይ ሁሉም ጥቁር ነጥብ ነው፣ ምንም አይታይም። ዋናውን አስመጥተን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንበል ሳደርገው አሻራዎቹ ከላይ ጠቆር ብለው ይጀምሩና ወደ ታች እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ከዚያ አንዱ ላይ ድንገት ይጠቁራል፣ እንደገና ይደበዝዛል። ሰው ተሰልፎ ሲያትም እያንዳንዱ ለራሱ ቀለም ይነክራል። አንድ ጣት ቀለሙ እስኪያልቅ ድረስ በመደዳ ሲያትም ነው እንዲህ የሚሆነው። ሁሉም ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ ነበሩ። ያኔም ቢሆን "ተገኘ" አላልንም፤ ለፎረንሲክ ምርመራ የሚላክ ጥያቄ ነው ብለን ጻፍን።

ቆራጡ፦

ጋሼ በአክብሮት አልስማማም። እኛ ዘንድ ጠዋት የተጻፈ ደብዳቤ ከሰዓት ቡና ቤት ይወራል። ምስጢር ይጠበቅ፣ በቁጥር ይጠራ፣ ይፈረም እየተባለ ወር ያልፋል፤ በዚያ ወር ገንዘቡ ከባንክ ይወጣል፣ ቤቱ በሚስት ወንድም ስም ይዞራል፣ ንብረት ኃላፊው ሌላ ወረዳ ይዛወራል። የሐይቁ ዳር ገበሬና አሣ አስጋሪ እኮ እምቦጩ ታንኳውን እያሰረበት፣ መረቡን እየበላበት ነው የሚኖረው። ለእሱ ተብሎ የመጣ ገንዘብ ነው።

እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ከሥራ አሳግጄ፣ ቢሮውን አሽጌ፣ ኮምፒውተሩን አስነስቼ እጀምራለሁ። ንጹሕ ከሆኑ ይመለሳሉ።

ፈለገ ሕግ፦

ቆራጡ፣ ቁጭትህን እጋራለሁ። ግን "አሳግጄ፣ አሽጌ፣ አስነስቼ" ያልካቸው ሦስቱም ሥልጣን ይጠይቃሉ፤ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተወሰደ እርምጃ ደግሞ የሚጠቅመው ተጠርጣሪውን ነው።

የፌዴራሉን ታሪክ ብናይ ነገሩ ይገባናል። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ሲቋቋም መመርመርም መክሰስም ይችል ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም የመክሰሱ ሥልጣን ወደዚያ፣ የመመርመሩ ደግሞ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1236 ደግሞ የኮሚሽኑ ዋና ሥራ መከላከል፣ ማስተማርና ሀብት መመዝገብ ሆነ። ስለዚህ "ፀረ ሙስና ነኝና እይዛለሁ" ብሎ የሚነሳ ሰው የቆየ ሕግ ይዞ ነው የሚሄደው። እህታችን በክልል ስለሆነች የሷን ልክ የሚነግራት የመሥሪያ ቤቷ ማቋቋሚያ አዋጅ ነው። ዛሬ ማታ አውጪና አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢው፦ ሰነድ አስገድዶ የመውሰድ ሥልጣን አለኝ? ቃል መቀበልስ? የማሸግስ?

ከዚያ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 20(3) በፍርድ ሂደት ላይ ያለ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠር ያዛል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይቀርብም። "ይደነግጡና ያወጡታል" ያለው ባልደረባሽ በድንጋጤ የሚወጣ ቃል ምን ዋጋ እንዳለው ቢያስብ ጥሩ ነው።

ዐቃቤ ሕጉን መጨረሻ ላይ ፋይል አሸክመሽ አትሂጂበት። ሥራው ከሒሳብ ጉድለት ወደ ወንጀል ጥርጣሬ የተሻገረ በመሰለሽ ቀን አማክሪው። በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ውስጥ ሥልጣንን ያላግባብ መገልገል አለ፣ የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት አለ፣ ሰነድን ወደ ሐሰት መለወጥ አለ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። የትኛውን እንደምትከተሉ ሳታውቁ የሚሰበሰብ ሰነድ ብዙ ክፍል ይሞላል፣ አንዱንም አያስረዳም።

ግዢ ክፍል የነበርኩ፦

ቆራጡ "ንጹሕ ከሆኑ ይመለሳሉ" ላልከው ልመልስልህ። አይመለሱም።

እኔ ላይ የቀረበ ጥቆማ ነበር፤ ከአንድ አቅራቢ ጋር ተመሳጥራ ፕሮፎርማ ሰብስባለች የሚል። ስሜ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሳ፤ ማጣራቱ ገና አልተጀመረም። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ማጣራቱ አልቆ ጥፋት አልተገኘም ሲባል አንድ ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍል ተላከ፤ ለእኔ ግልባጭ እንኳ አልደረሰኝም፣ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። በስብሰባ የተነሳ ስም በስብሰባ አልጸዳም። ሥራውን ለቀቅኩ።

የጣና ዳር፣ ከቻልሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ጉዳዩ ሳይረጋገጥ ሲዘጋ ለሰውየው በስሙ ደብዳቤ ጻፊለት። የሰማ ሰው ፊት የሚያሳየው ወረቀት ይኑረው።

ቆራጡ፦

እህቴ ይህንን አላውቅም ነበር። ያማል። እግዱን በተመለከተ ቃሌን ላለዝብ፤ ገንዘቡ እየሸሸ ዝም ይባል የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።

ፈለገ ሕግ፦

ዝም አይባልም። ለዚያ መንገድ አለው፦ በቂ ምክንያት ሲገኝ ዐቃቤ ሕግ ንብረት እንዲታገድ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል። በፌዴራል ደረጃ ተሿሚዎችና አንዳንድ ሠራተኞች በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 668 መሠረት ሀብታቸውን ያስመዘግባሉ፣ በየሁለት ዓመቱም ያድሳሉ። የተመዘገበውንና ያለውን ማስተያየት አንድ መነሻ ነው። የባንክ ሒሳብ ግን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይጠየቅም፤ በሕግ በተፈቀደለት አካል በኩል ነው። ከሥራ ማገድም የአሠሪው መሥሪያ ቤት አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው፤ መርማሪ ማድረግ የሚችለው ሰነድ ሊጠፋ ይችላል ብሎ በምክንያት አስደግፎ ማሳሰብ ነው።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦

የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ቁጥጥር ሥራ ላይ ነው ያለሁት። እዚህ ያለው አሠራር ለእህታችን የሚሰጠው ነገር ካለ ብዬ ነው።

እዚህ ኢንስፔክተር ጄኔራል የሚባል ሹም በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የሕጉ ዋና ሐሳብ ሹሙ ለሁለት ወገን ተጠሪ መሆኑ ነው፦ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና ለኮንግረስ። በየስድስት ወሩ ሪፖርት ያወጣል። ከተወሰኑ መሥሪያ ቤቶች በስተቀር ኃላፊው "ይህን ምርመራ አትጀምር" ሊለው አይችልም። ከባድና አስቸኳይ ችግር ካገኘ ለኃላፊው ያሳውቃል፤ ኃላፊውም በሰባት ቀን ውስጥ ለኮንግረስ ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ሕጉ ኦዲትንና ምርመራን በሁለት የተለያዩ ምክትሎች ሥር ነው ያደረገው። አንቺ አሁን የገጠመሽ ልዩነት በሕግ ደረጃ የታወቀ ነው ማለት ነው። ኦዲተር ሒሳቡ በአግባቡ መቅረቡን ይጠይቃል። መርማሪ ማን፣ መቼ፣ እያወቀ አደረገ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሕግ ብቻውን እንደማይጠብቅም አይተናል። ፕሬዚዳንቱ አንዱን ኢንስፔክተር ጄኔራል ሲያነሳ 30 ቀን አስቀድሞ ለኮንግረስ ማሳወቅ አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ግን ወደ 17 የሚጠጉት በአንድ ሌሊት ያለ ማስታወቂያ ተነሱ። ስለዚህ ነፃነትሽን አዋጅ ላይ ብቻ አታሳርፊው። በየቀኑ የምትጽፊው ማስታወሻ፣ "ይህን ጉዳይ የተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ያንን ያልተቀበልነው በዚያ ምክንያት ነው" የሚል የተፈረመ ውሳኔ፣ አንቺ ብትነሺም ተተኪሽ የሚያገኘው ነገር ነው።

ጳጉሜ፦

እኔ የመረጃ ባለሙያ ነኝ፤ አጭር ነገር ልጨምር። ዝርዝሩ በኤክሴል ከተዘጋጀ ፋይሉን ራሱን ጠይቁ፤ የታተመው አይበቃም። ዋናውን ፋይል ከፍታችሁ "ሴቭ" አትበሉ፤ የተሠራበትን ቀን የሚናገረው መረጃ ይቀየራል። መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ የኮፒውን የሃሽ ቁጥር (ፋይሉ ቢነካ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) መዝግቡ፣ ምርመራው በኮፒው ላይ ይሁን።

አንድ ስም በአንድ ቀን ሁለት ቀበሌ ላይ ሠርቷል? ዘጌ በኩልና ፎገራ በኩል በአንድ ቀን እምቦጭ የነቀለ ሰው ካለ ይጠየቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጳጉሜን እዩ። ወሮቻችን 30 ቀን ናቸው፣ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ናት። የሌለ ሠራተኛ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ያለፈውን ወር ይገለብጥና ቀኑን መቀነስ ይረሳል። በጳጉሜ 10 ቀን የሠራ ሰው ካገኛችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ስለ ቤንፎርድ ሕግ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ በተፈጥሮ በተከማቸ ቁጥር ውስጥ በ1 የሚጀምረው 30.1 በመቶ ገደማ፣ በ9 የሚጀምረው 4.6 በመቶ ገደማ ነው የሚል። ለሰፊ የግዢ ክፍያ ይጠቅማል። ለቀን ሠራተኛ ዝርዝር ግን አትጠቀሙበት፤ የቀን ሒሳቡ የተወሰነ ስለሆነ ንጹሕ ዝርዝርም የተጭበረበረ ያስመስላል።

የጣና ዳር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የባለሙያውን ጉዳይ በደብዳቤ ጨርሻለሁ፤ መጀመሪያ ቅር አለው፣ ሳስረዳው ተቀበለ። ግዢ ክፍል የነበርሽው እህቴ፣ የጠየቅሽውን አደርጋለሁ፣ ቃሌ ነው።

አሁን የከበደኝ ሌላ ነው። ኃላፊዬ ትናንት አስጠርተው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ማነው የጻፈው?" ነው። ጽሑፉ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ ከማን ጽሕፈት ጋር እንደሚመሳሰል እንድንፈልግ ሐሳብ አቀረቡ። በክፋት አይመስለኝም፤ ተንኮለኛ ቢሆንስ ብለው ነው። ምን ልበላቸው?

ስሜን አልጽፍም፦

ጥቆማ የጻፍኩ ሰው ነኝ፣ የዚህ ጉዳይ ሳይሆን የሌላ። የት እንደሆነ አልናገርም። ከጻፍኩ በኋላ ወዲያው የሆነው ልክ ይህ ነው። የሁላችንንም የውሎ አበል መጠየቂያ ሰብስበው የእጅ ጽሑፍ አስተያዩ። የጻፍኩት ስለ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቢሮ የሚሆነውን እያየ የሚናገር ሰው የለም፤ እኔም አልናገርም።

አለቃሽን አስቁሚልን።

ጡረተኛ ኦዲተር፦

ልጄ፣ ኃላፊሽን አክብረሽ በዚህ ጉዳይ ግን ፈቅ አትበይ። እንዲህ በያቸው፦ "ጥቆማው እውነት ከሆነ በሰነድ ይገኛል፤ ሐሰት ከሆነም በሰነድ ይታያል። የጻፈው ሰው ማንነት ሁለቱንም አይለውጥም።" ካልተመለሱ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅን አንሺላቸው፤ ቁጥር 699፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣ ነው። የጽሕፈት ማስተያየቱ ከመሥሪያ ቤቱ ቢያልፍ ተጠያቂነቱ እሳቸው ላይ እንደሚወድቅ በጨዋ ቋንቋ ይንገራቸው፣ በማስታወሻም ይያዝ።

ቁጥርም ይዘሽ ግቢ። የዓለም አቀፉ የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ከተመረመሩት ጉዳዮች 43 በመቶው የታወቁት በጥቆማ ነው፤ ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላይ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። የውስጥ ኦዲት ያገኘው 14 በመቶ፣ የውጭ ኦዲት 3 በመቶ ነው። እኔ ዕድሜዬን በኦዲት ጨርሼ ይህን ማንበቤ አላስከፋኝም፤ እውነቱ እሱ ነው። ጠቋሚ የሚታደንበት ቤት ከግማሽ የሚጠጋውን ዓይኑን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ስለ ሁለት ሳምንቱ ደግሞ፦ ውጤት ቃል አትግቢ፣ ዕቅድ ስጪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቆማው ሊመረመር የሚችል ነው ወይስ አይደለም፣ ምን ሰነድ ተያዘ፣ ምን ቀረ የሚል አንድ ገጽ ይበቃል።

ቃል ስትቀበሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ሂዱ። የጀልባዋን ነጂ፣ ጋራዡን፣ ነዳጅ ማደያውን አስቀድሙ፤ ተጠርጣሪው መጨረሻ። ጥያቄው ክፍት ይሁን፦ "ጀልባዋ ኅዳር ላይ እንዴት ነበረች?" በሉ፤ "ኅዳር ላይ ተበላሽታ አልነበረም?" አትበሉ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎች መኖራቸውን በቀበሌ ደብዳቤ ብቻ አታረጋግጡ፤ ቀበሌው ራሱ ፈራሚ ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ሰዎቹን አግኙ። ደግሞ ሰው ስላልተገኘ የለም ማለት አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ ወደ ሩዝ አጨዳም ወደ መተማም ይሄዳል። ጎረቤቱን፣ የሥራ ጓደኛውን ጠይቁ።

ቆራጡ፦

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰዎቹ እኮ ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ምንድነው እንዲህ የሚያደርጋቸው? መርማሪስ ይህን ማወቅ አለበት?

ጡረተኛ ኦዲተር፦

አለበት። ዶናልድ ክሬሲ የሚባል አሜሪካዊ የወንጀል ጥናት ምሁር በአደራ የተሰጣቸውን ገንዘብ በማጉደል የታሰሩ ሰዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ጥናት ዛሬም የዚህ ሥራ መሠረት ነው። ሦስት ነገር ይገናኛል፦ ለሰው የማይነገር የገንዘብ ጭንቅ፣ ማንም የማያየው ክፍተት፣ ለራስ የሚነገር ምክንያት። እኛ ዘንድ ሦስተኛው ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅህ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እየተባለ ያደገ ሰው ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም፤ ዘመድ ጎረቤቱ ሰጥቶታል። ጭንቁን መርማሪ አይፈታውም። ክፍተቱን ግን ሪፖርቱ ላይ መጻፍ ይችላል፦ ዝርዝሩን ያዘጋጀው፣ ሠራተኛውን የቆጠረውና ገንዘቡን ያደለው አንድ ሰው ነበር ወይ? አጽዳቂው ቦታው ላይ ሄዶ ያውቃል ወይ? ብዙ ጊዜ ከተሰረቀው ገንዘብ ይልቅ እነዚህን ሁለት መስመሮች ያነበበ ምክር ቤት ነው ነገሩ እንዳይደገም የሚያደርገው።

ሪፖርቱንም በዚሁ ልጨርስ። በማስረጃ የተረጋገጠውን ብርና የተጠረጠረውን ብር በአንድ ድምር አትደምሩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሰነዱን ገጽ ይጥቀስ። "በድፍረት"፣ "በማናለብኝነት" የሚሉ ቃላት ይውጡ። የተጠርጣሪው መልስ፣ ደካማም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ ይግባ።

የጣና ዳር፦

ኃላፊዬን አነጋገርኳቸው። ጋሼ እንዳሉት ነው ያልኳቸው፤ ትንሽ ዝም ብለው "እሺ፣ ጠቋሚውን ተዉት" አሉ። በጽሑፍም ይዤዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። መዝገብ ቤት ሄጄ ገቢ መዝገቡን አየሁት። ጉዳዩ በሚለው ረድፍ "ስለ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ማጭበርበር" ተብሎ ከወረዳው ስም ጋር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ያየው ሰው ይኖራል። ላሰርዘው? ሰነዱንስ እንዴት ሳይታወቅ ላምጣ?

ጡረተኛ ኦዲተር፦

አታሰርዢ። ገቢ መዝገብ አይሰረዝም፤ የተሰረዘ መስመር ካልተሰረዘው ይበልጥ ይታያል፣ ነገ አንቺንም ያስጠይቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡን ማን እንደያዘው ብቻ ለብቻሽ ጻፊ፤ ወደፊት የሚመጣ ጥቆማ ደግሞ "ጉዳዩ፦ ምስጢር" ተብሎ ብቻ እንዲመዘገብ መመሪያ አውጪ።

ሰነዱን ከአንድ ወረዳ አትሰብስቢ። በዓመታዊ የኦዲት ዕቅዳችሁ ሐይቅ ዳር ያሉ ወረዳዎች ካሉ ከሁሉም ተመሳሳይ ነገር ጠይቂ፦ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ዋና ሰነድ፣ የነዳጅ መዝገብ፣ የጀልባ ጥገና ወጪ። ኦዲቱ እውነተኛ ኦዲት ይሁን፤ የሌሎቹም በትክክል ይታይ፣ ሪፖርትም ይውጣለት። የሌሎቹ ወረዳዎች አሠራር ደግሞ ማስተያያ ይሆንሻል። ስትረከቡ ገጽ በገጽ ተቆጥሮ፣ ሰጪና ተቀባይ ተፈራርመው፣ አንድ ኮፒ ለሰጪው ይቅር።

ሞዴል19፦

ጥገናውን እንዳትረሺ እህቴ። ጋራዥ የገባችበትን ቀን የሚያሳየው የጥገና መጠየቂያ ብዙ ጊዜ ንብረት ክፍል አይቀመጥም፤ ጠቅላላ አገልግሎት ነው ያለው። ነዳጁን የሚያወራርደው ሰው እዚያ አይደርስም። መለዋወጫ ተገዝቶ ከሆነ አሮጌው ዕቃ የተመለሰበት ወረቀትም ይኖራል፤ ጥቆማው የሚጠቅሰውን ወር ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያሉትንም ውሰጂ።